«ይጠጣ ነበር»

«‹ዩዝድ ቱ› ካላችሁ ነገሩ ድሮ ነበረ፣ አሁን ግን ቀርቷል ማለት ነው» አሉ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሚስ ሱሽማ የእጃቸውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፉ። «ከፊቱ ‹አም› ካስገባችሁ ግን ሌላ ነው፤ ለምጄዋለሁ ማለት ይሆናል። ‹አም›ን የዘለለ ትርጉሙን ገደል ከተተው! በሉ፣ ከራሳችሁ ሕይወት ጻፉልኝ።»

ጁኑ ብዙ አላሰበችም። «አባቴ ይጠጣ ነበር» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም። ውሸት መሆኑን ከክፍሉ ልጆች የምታውቀው ጎረቤቷ ቢፓና ብቻ ናት።

ሚስ ሱሽማ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ይኸውላችሁ! ነገ ወላጆች ሲመጡ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ይሄ ነው። ጁኑ፣ አባትሽን እንኳን ደስ ያለዎት በይልኝ።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ቢፓና ወደ ጁኑ ጆሮ ጠጋ አለች።

«መቼ ተወ ባክሽ? ትናንት ከቦይ ጎትቶ ያወጣው የኔ ወንድም አይደል እንዴ!»

«በናትሽ ዝም በይ።»

«እኔ ምን አገባኝ? ነገ ራሱ መጥቶ ያሳየናል» አለች ቢፓና ሳቋን እያፈነች። ጠላት ቢናገረው እንዲህ አይመርም ነበር፤ አብረው ነው ያደጉት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ የዳጉሳ አረቄውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ጽሑፍሽ ሊሰቀል ነው አሉ! ጎሽ የኔ ልጅ! ምን ይላል?»

«ስላንተ ነው፣ አባዬ። ትጠጣ ነበር ይላል። ተውክ ማለት ነው።»

አባቷ ብርጭቆውን አየው። ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ጁኑም ሞኝ ናትና ተስፋ አደረገች።

«እንግዲያው ነገ ሳልቀምስ እመጣለሁ፤ አላሳፍርሽም!» አለና መልሶ አንስቶ ጨለጠው። «የዛሬው ስንብት ነው።»

ስንብቱን ታውቀዋለች። ባለፈው የዳሻይን በዓል ተሰናብቶት ነበር፤ እናቷ የታመመች ጊዜም እንዲሁ።

ጠዋት፣ በሩ ሥር ተጋድሞ የሚያንኮራፋውን አባቷን ተሻግራ ወጣች። ክፍል ስትደርስ ወላጆች ገና አልመጡም። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሳችው። ልትቀደው ስትል ቢፓና በሩ ላይ ቆማ እንደምታያት አየች።

«ቅደጂው፤ ለማንም አልናገርም» አለች ቢፓና። ዛሬ አልሳቀችም።

ጁኑ እስክሪብቶዋን አውጥታ የትናንቱን ሰረዘችና ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ «አባቴ ይጠጣል። ለምጄዋለሁ።»

‹አም›ን አልዘለለችም። ወረቀቱንም የነበረበት ቦታ ላይ መልሳ ለጠፈችው።