አስር ከአስር

«ጥያቄ ሰባት» አለች ፌንጣ፣ የአባቷ ክፍል በር ላይ ቆማ። «ሳልና ትኩሳት የጀመረው ሰው ምን ማድረግ አለበት?»

አባቷ የደንብ ልብሱን እየቆለፈ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ተራው ይደርሳል።

«ቤቱ ይቀመጣል፣ ከሰው ይርቃል፣ ለጤና ጣቢያ ያሳውቃል» አለ እንደ ሸምዳጅ ተማሪ። «ሌላ አምጪ።»

በእጇ የያዘችው ወረቀት የባዮሎጂ መምህሯ የሰጧት የቤት ሥራ ነው። አስር ሰው ጠይቁ፤ ስለ ወረርሽኙ ምን ያህል ያውቃሉ፣ ምን ያህልስ ይጨነቃሉ? ዘጠኝ ጎረቤት በየደጃፉ ጠይቃለች። ሁሉም ያውቃል፤ የሚጨነቅ ግን አልተገኘም። የልብስ ሰፊው ሚስት እንኳ፣ ባሏ በአምቡላንስ ተወስዶ፣ ድኖ ከተመለሰ በኋላም ደጃቸውን የሚረግጥ ጠፍቶ ሳለ፣ «ምን አስጨነቀኝ?» ብላ በሩን ዘግታባታለች።

ፌንጣ ድሮም መቀመጫ የላትም፤ ስሙም የወጣላት ለዚሁ ነው። ዛሬ ግን ብሶባታል። ጠዋት አባቷ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሲስል ሰምታዋለች።

«አስር ከአስር» አለችው ደምራ ስትጨርስ።

«አባትሽን ማን መሰልሽ ታዲያ።» ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ተናነቀውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሁን የጭንቀቱ ክፍል ነው። በዚህ ሳምንት እንቅልፍ አጥተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? እንደ ግንድ ነው የምጋደመው።»

በጭንቀቱ ክፍል ለጎረቤቶቹ ዘጠኝ ዜሮ ጽፋለች፤ አስረኛ ዜሮ ቢጨመር ማንም ልብ አይለውም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ስልሳ ሰው ከኋላው ይሳፈራል። እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

«አባዬ፣ ጠዋት ሰምቼሃለሁ።»

እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። አቧራ ነው አላት፣ ነገ ይለቀኛል አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አምቡላንስ ደጃፋቸው ከቆመ ሰፈሩ ፊቱን እንደሚያዞርባቸው ነገራት። ልብስ ሰፊውን አላየሽም ወይ አለ። አይታለች።

«አንቺስ?» አለ። «ትፈሪያለሽ?»

እስካሁን እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«በጣም። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ለስምሪት ኃላፊው ደወለና ዛሬ እንደማይገባ ነገረው። ምክንያቱን ሲጠየቅ «አሞኛል» አለ።

ማስካቸውን አደረጉ። በጓሮ በኩል እንውጣ፣ ሰው አያየንም አላት። ፌንጣ ወደ ጓሮው በር አየች። ከዚያ ዞራ ወደ ትልቁ መንገድ የሚያወጣውን በር መቀርቀሪያ ሳበች።

አራት አምስት እርምጃ ያህል ዘግይቶ፣ የአባቷ ጫማ ከኋላዋ ተሰማ።