ለብ ያለ ለስላሳ

የእኛ ሱቅ ለስላሳ እንደማይቀዘቅዝ ጊማራስ ደሴት ላይ የማያውቅ የለም። ከጀልባ የወረደ መንገደኛ ጠርሙሱን በእጁ ይነካና፣ «እትዬ ቼል፣ ሻይ መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?» ይለኛል። እኔም «ሻይ ነው፤ ስኳሩ ገብቶበታል። ቀዝቃዛ ካማረህ ባሕሩ ያውልህ!» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ይገዛል። ባለቤቴ ሮዴል በሕይወት ሳለ እንዲህ ነበር፤ ካለፈ በኋላም እንዲሁ ነው።

ባለፈው እሑድ ግን ልጄ አይሳ ከማኒላ መጥታ የፍሪጁን የቅዝቃዜ ማዞሪያ ነካችው። ያን ሁሉ የቆየ ነገር የቀሰቀሰብኝ ይኸው ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ መጠጥ አመላልስ ነበር። ሮዴል ደግሞ የእንግዶችን ክፍል የሚያሰናዳ አስተናጋጅ ነበር። ሁለታችንም የአንድ ደሴት ልጆች ሆነን ደሴታችን ላይ አንድም ቀን ተያይተን አናውቅም። አንዳንድ ሰው ጎረቤቱን ለማወቅ ግማሽ ዓለም መዞር አለበት።

መጀመሪያ ያየሁት በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው። ለአንዲት አሮጊት እንግዳ ጭማቂ ይዤ ስሄድ፣ እሱ የክፍላቸውን ትንሽ ፍሪጅ ከፍቶ የመጠጥ ጠርሙሶቹንና ቸኮላቱን እያወጣ፣ በምትኩ የሴትዮዋን መድኃኒት ይደረድራል።

«እማማ፣ ከኋላው ግድግዳ ጋር እንዳያስነኩት» ይላቸዋል። «እዚያ ጋ በረዶ ይይዛል። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይወዳል፤ በረዶ ግን ይገድለዋል። አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ውኃ ነው፤ አይሠራም።»

«የባለቤቴ ቢራስ የት ሊገባ ነው? የሞቀ ቢራ አቅርቤለት አብረን ወደ ቤት አንመለስም!»

«የእሳቸውን በበረዶ ባልዲ አመጣላቸዋለሁ። ፍሪጁ ግን የእርስዎ ነው።»

እኔ በሩ ላይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። በራሳችን ቋንቋ፣ «ዶክተር፣ መንገዱን ቢለቁልኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ ሰው አይቶኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ያየኝ ግን አልነበረም። የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው ነበር የሚመስለው።

«የየት ልጅ ነሽ?»

«የጊማራስ።»

«ውሸታም!»

«ውሸታም እናትህን! ከጀልባ ማቆሚያው በላይ ያለው የማንጎ ማሳ የአጎቴ ነው።»

«እንግዲያው ማንጎ ስሰርቅ በውሻ ያባረረኝ አጎትሽ ነው» አለና ሳቀ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ስለ መድኃኒቱ ከየት እንደተማረ ጠየቅሁት። «እናቴ ስኳር አለባት» አለና ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ዓይን አፋር መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሮዴል የሚኖረው ከታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከማኖንግ ቲኖይ ጋር ነበር። ማኖንግ እኛ ዘንድ እንደ ጋሼ ነው። ማኖንግ ቲኖይ በልብስ ማጠቢያው ውስጥ ያረጀ፣ ሆደ ቡቡና ቀልደኛ ሰው ነበር፤ በዚያ ኮሪደር ላይ በደንብ የሚሠራ ፍሪጅ የነበረውም እሱ ብቻ ነው። ፍሪጁን ለፍልሚያ እንደሚያሳድጉት አውራ ዶሮ ያሻሸዋል። ሁላችንም መጠጣችንን እዚያ እናስቀምጣለን፤ የእረፍት ሰዓታችንም እዚያው ነው የሚያልፈው። ሦስታችን በታችኛው አልጋ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን፣ ማኖንግ ቲኖይ ያወራል፣ እኔና ሮዴል ዝም እንላለን። ክንዳችን ይነካካል። ማኖንግ ቲኖይ መሐል ላይ ወሬውን ያቋርጥና፣ «እናንተ እኮ ታደክማላችሁ፤ ዝምታችሁ ጆሮዬን በጠሰው!» ይላል።

ፍሪጁ ውስጥ የሮዴል የሆነ አንድ የአይስክሬም ዕቃ ነበር፤ በፕላስተር የታሸገ፣ በላዩ ላይ «ጊናሞስ» ተብሎ የተጻፈበት። እኛ አገር የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አይስክሬም አይገኝም። አይስክሬም ነው ብሎ ከፍቶ የደረቀ ዓሣ ያላገኘ፣ አግኝቶም ያላለቀሰ ልጅ የለም። ጊናሞስ ደግሞ በጨው ከተብላላ ሽሪምፕ የሚሠራ ድልህ ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ካልተወለዱበት አይበሉትም።

አንድ ቀን ወደብ ላይ ያልበሰለ ማንጎ አገኘሁ። ያልበሰለ ማንጎ ያለ ጊናሞስ ምን ያደርጋል? አገሬ በምራቄ በኩል መጣብኝ። ማኖንግ ቲኖይ በሩን ከፈተልኝና ገላውን ሊታጠብ ወጣ። እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ፕላስተሩን ላጥሁት።

ውስጡ ትንንሽ የመድኃኒት ብልቃጦችና መርፌዎች ነበሩ።

ክዳኑን እንደያዝኩ ሮዴል ገባ። በሩን ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ።

«ጊናሞስህ መርፌ አለው» አልኩት።

«ቼል፣ ቀስ በይ፤ አትጩኺ።»

«እናትህ ናት ስኳር ያለባት?»

«እናቴ ጤነኛ ናት» አለ። «እኔ ነኝ። መርከቡ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው የጀመረኝ፤ ወደብ ላይ አንድ ሐኪም ነገረኝ። እዚህ ከታወቀ ያወርዱኛል። ከዚያ በኋላ በመርፌ የሚኖር ሰው ባሕር ላይ የሚቀጥር የለም። የእናቴን ጣራ አውሎ ነፋስ ወስዶታል። ዝናብ ሲመጣ ጎረቤት ቤት ነው የምታድረው።»

«ማኖንግ ቲኖይስ?»

«ጊናሞስ ገና ሲሸተው ያስመልሰዋል። ለዚህ ነው የጻፍኩበት።»

«አንተ ሞኝ! የጊማራስ ሴት ትኖራለች ብለህ አላሰብክም?»

«ያኔ አንቺን አላሰብኩም ነበር» አለ። «አሁን ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።»

እጄ ላይ የመድኃኒት ዕቃ ይዤ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ እንዲህ ተባልኩ። እንዳልናገር በእናቴ ስም አስማለኝ፤ ማልኩለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሪጁ ጠባቂ ሆንኩ። ማዞሪያው ከአንድ እስከ አምስት ነው። አንድ ላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሞቃል፤ አምስት ላይ ከሆነ በረዶ ይሆናል። ሦስት ላይ መሆን አለበት። እሱ አንሶላ ተሸክሞ፣ እኔ ትሪ ይዤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ፣ ሳንቆም፣ «ሦስት ላይ ነው?» ይለኛል። «ሦስት ላይ ነው» እለዋለሁ። ጓደኞቻችን የቀጠሮ ሰዓት እየመሰላቸው ያፏጩብን ነበር። ሌላው ወንድ ለፍቅረኛው የሚለውን ሁሉ ሮዴል በዚያች ጥያቄ ነበር የሚለኝ፤ እኔም በዚያው መልስ። እንደዚያ ተደስቼ የኖርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ውቅያኖሱን መሻገር መጣ። ቀናት ሙሉ ወደብ የለም፣ ሰማይና ውኃ ብቻ። የማኖንግ ቲኖይ ልደትም እዚያ መሐል ላይ ዋለ። «በለብታ ቢራ የሚከበር ልደት ተዝካር ነው!» ብሎ፣ ሁለታችንም ሥራ ላይ ሳለን ማዞሪያውን አምስት ላይ አደረገው። ማን ይፈርድበታል? ፍሪጁ የሱ፣ ቢራው የሱ፣ ልደቱ የሱ።

በልደቱ ማግሥት እኔ በሌላ ፈረቃ ተመድቤ ክፍላቸው ድርሽ ሳልል ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት የአደጋ ልምምድ ተጠራና ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰን ጀልባዎቹ ሥር ተሰለፍን። ሮዴል አጠገቤ ቆመ። ከንፈሩ ደርቋል፤ እንደሮጠ ሰው በኃይል ይተነፍሳል። ዘወር ሲል ትንፋሹ ሸተተኝ። ያለፈበት ማንጎ፣ ከዛፉ ሥር ወድቆ የቦካ ማንጎ ነበር የሚሸተው። የአጎቴን ማሳ አስታወሰኝ፤ ስኳሩ እንደተነሣበት ገባኝና ፈራሁ።

ልምምዱ እንዳለቀ ወደ ታች ሮጥኩ። ማዞሪያው አምስት ላይ ነው። የአይስክሬሙ ዕቃ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ በጥፍሬ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሆኗል።

ተከትሎኝ ኖሮ ግድግዳውን ተደግፎ ገባ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አንዴ በረዶ ከሆነ ማዞሪያው ምን ያደርጋል? በመዳፌ እያቀለጥኩ ወግቼዋለሁ።»

«ለአሮጊቷ ውኃ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ወደብ እስክንደርስ ነው፤ እዚያ ሌላ እገዛለሁ።»

«ወደቡ የታለ፣ ሮዴል? አሳየኝ፤ የት አለ?»

ባልዲ ስቦ አስመለሰ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። «ቼል፣ ምለሽልኛል።»

ምዬለታለሁ። እጄን ከእጁ ውስጥ አውጥቼ ወደ መርከቡ ሐኪም ቤት ደረጃውን ወጣሁ።

ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ» አለኝና የቀረውን አልጨረሰውም። ማኖንግ ቲኖይ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ኮፍያውን እያሻሸ አለቀሰ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እድፍ አጥቤያለሁ፤ የራሴን በምን ላጥበው?» ይለኛል።

«ማኖንግ፣ እኛ ነን የደበቅንህ። አንተ ቢራህን ነው ያቀዘቀዝከው» አልኩት። አልተጽናናም።

የመጀመሪያው ወደብ ላይ ሮዴልን አወረዱት። ሻንጣውን ይዤለት እስከ መሰላሉ ድረስ ሄድኩ። የፊቱ ደም ተመልሶ ነበር፤ ዓይኑ ግን እኔን አያይም።

«የእናቴን ጣራ ለሁለተኛ ጊዜ አፈረስሽው» አለኝ።

«ጣራ ይሠራል። አንተን ከየት አምጥቼ ልሥራህ?»

ሻንጣውን ተቀበለኝና ወረደ። ዞር አላለም። እኔ ዩኒፎርሜን አስተካክዬ ተመለስኩ፤ ለእንግዶቹ በበረዶ የተሞላ ብርጭቆ አደልኩ፣ ፈገግ እያልኩ።

ከዚያ በኋላ ከየወደቡ እደውል ነበር። እነሱ ሰፈር ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ ሰው ይልኩበታል። «የለም ብሏል» ይሉኛል። «የለም ብሏል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ከአውሮፕላን ወርጄ፣ ቤቴ እንኳ ሳልገባ ቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሄድኩ። ቤቱ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ፕላስቲክ ለብሷል። ደጃፉ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ዓሣ ያጸዳሉ።

«ልጄን ከመርከብ ያስወረድሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ጉንጬን ያዙኝ። «ዝናቡ ይገባብኛል» አሉ። «ልጄ ግን ተነሥቶ ባልዲ ያስቀምጥልኛል። ግቢ፣ ከኋላ ነው ያለው።»

ከኋላ፣ መንገዱ ዳር፣ በመስኮት የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ አንድ አሮጌ ፍሪጅም አለው። ሲያየኝ እጁ ላይ የነበረውን ሁሉ ረሳው። እኔም ያንን ሁሉ ባሕር ስሻገር ያጠናሁትን ንግግር ረሳሁት።

«ለስላሳ አለ?» አልኩት።

ፍሪጁን ከፍቶ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ፤ ፊቴን ሳያይ። ጠጣሁ። ለብ ያለ ነው።

«አይቀዘቅዝም» አልኩ።

አንዲት ዶሮ በመካከላችን አለፈች።

«ሦስት ላይ ነው» አለኝ። ያኔ ነው ዓይኑን ያነሣው።

ጠርሙሱን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፤ ለስላሳውም ከማንም የሠርግ ወይን በለጠብኝ።

የተጋባን ዕለት ማኖንግ ቲኖይ የራሱን በረዶ በሣጥን ተሸክሞ ከሩቅ መጣ። «የዚህን ቤት ፍሪጅ እጄ አይነካትም!» ብሎ ማለ፤ እስኪሞትም አልነካትም። እኛም ኖርን። ጣራው በለስላሳና በማንጎ ቀስ በቀስ ተከደነ። ከዚያ በኋላ ፍሪጆች ተለዋወጡ፣ አይሳ ተወለደች፣ ሮዴል ሸበተ። ማታ ሱቁን ስንዘጋ፣ «ሦስት ላይ ነው?» ማለቱን ግን አልተወም። ሊያልፍ ሲል ሆስፒታል አልጋው ላይም ጠየቀኝ፤ መለስኩለት።

እና ባለፈው እሑድ አይሳ ማዞሪያውን አምስት ላይ አደረገችው። «እማዬ፣ አሁንማ የአባዬ መድኃኒት የለበትም። ሰው ለምን ይቀልድብሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደንበኛው ሁሉ መረቃት። ለእኔም አንድ ከፈተችልኝ፤ ጥርስ የሚያሳምም ቀዝቃዛ ለስላሳ። ቀዝቃዛ ለስላሳ ግሩም ነገር ነው፤ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ጀልባው ድረስ ሸኘኋት። ተመልሼ ፍሪጁን ከፈትኩ። እሷ የመሐሉን መደርደሪያ በጠርሙስ ሞልታዋለች፤ የሮዴል መድኃኒት የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወረድኩና ቦታውን ባዶ አደረግሁት። ከዚያ ማዞሪያውን መለስኩ።

«ሦስት ላይ ነው» አልኩት።