ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት

«ሰባ አምስት ከመቶ!» አሉ የሒሳብ መምህሩ ወረቀቱን ለክፍሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «አያችሁ? ሒሳብ ማለት ይኼ ነው!»

የሺሐረግ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ እንዲህ ተሞግሳ አታውቅም። ሥራው የመጣው ከአባቷ ነው። አቶ ወልደሚካኤል አቃቂ ሐዲዱ ዳር ባለው የአቶ ሳህሌ መጋዘን ጸሐፊ ናቸው። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣው ስኳር የሚራገፈው እዚያ ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ጆንያ ጠፋ። መጋዘኑን ሦስት ዘበኞች በየተራ አንድ አንድ ቀን ይጠብቃሉ። «እስቲ አንቺ ሒሳብ ትችያለሽ፣ አጣሪልኝ» ብለው አባቷ በየስርቆቱ ቀን በሥራ ላይ የነበረው ዘበኛ ስም ያለበትን የስርቆት መዝገብ ሰጧት። አጣራች። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ የደረሰው ጀቤሳ የሚባለው ዘበኛ በቆመበት ቀን ነው።

መምህሩ ደግሞ በራሳቸው ጨመሩበት፤ ሦስቱ ዘበኞች እኩል ከሠሩ ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሺህ አራት ነው አሉ። «እኩል ከሠሩ» ያሏትን ቃል ግን ማንም ልብ አላላትም። አቶ ሳህሌማ ምን ቆርጧቸው! «ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስቱ ሌባ ነው ይላል!» ብለው ወረቀቱን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ከነፉ። ጆንያው የተሸጠበት ቦታ አልተገኘም፣ ጀቤሳ ሲሰርቅ ያየ ሰውም የለም። ቁጥር ግን አለ። ጀቤሳ ታሰረ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል ተባለ።

የጀቤሳ ልጅ ዳሲቱ ከየሺሐረግ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። ዓርብ ጠዋት ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። በእረፍት ሰዓት የሺሐረግ ተከትላት ወጣች።

«ዳሲ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ኧረ ተይኝ አቦ!»

«እኔ እኮ የቆጠርኩት መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። ከራሴ ምንም አልጨመርኩም።»

«ጨመርሽ መቼ አልኩ?» አለች ዳሲቱ ዞር ብላ። «አባቴ ቤት የሚውለው መቼ ነው? ሚካኤል ሲሆን ዘበኛው ጋሽ ተሰማ ‹ጀቤሳ፣ ዛሬን ቁምልኝ› ይላል። ገብርኤል ሲሆን ደግሞ ሌላው ዘበኛ ጋሽ አሻግሬ። ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ እሑድ፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ገበያ ሲኖር፣ ሁሉም ለሱ! እኛ ቤት በየወሩ የሚከበር በዓል ስለሌለ እሺ ይላቸዋል። እንቢ ማለት መቼ ያውቅበታል!»

የሺሐረግ በዓላቱን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እሷም መምህሯም ያሰሉት ሦስቱም ስድሳ ስድሳ ቀን ሠርተዋል ብለው ነው። የተራው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደዚያ ይላል፤ ማን በማን ፋንታ እንደቆመ ግን አይናገርም።

ይህን የሚናገር ሌላ ደብተር ነበር። አቶ ሳህሌ አንዱ ዘበኛ በሌላው ፋንታ መቆሙን ከልክለዋል። አባቷ ግን ሰውን በበዓሉ ቀን ማሠራት ነውር ነው ብለው፣ ዘበኞቹ ሲተካኩ በአውራ ጣት ያስፈርሙና ደብተሩን ቤት ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል። ቅዳሜ ከሰዓት የሺሐረግ ደብተሩን አውጥታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከመቶ ሰማንያው ቀን መቶ ሠላሳ ሁለቱን የቆመው ጀቤሳ ነው።

እርሳሷን አንስታ አባዛች፣ አካፈለች። ይህን ያህል ቀን የሚቆም ሰው ላይ፣ ሌባው ማንም ይሁን ማን፣ ከአሥራ ሁለት ስርቆት ዘጠኝ ያህሉ መውደቁ አይቀርም። ወይኔ! ያ ሁሉ ሙገሳ አሳፈራት።

አባቷ ሲገቡ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። አስረዳቻቸው። ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«በዚህ በኩል አላሰብኩትም፣ በእውነት» አሉ። ወዲያው ግን ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ይኼ ደብተር ከወጣ እኔ ከሥራ ተባረርኩ ማለት ነው። ይገባሻል? ስድስት ነፍስ ነን።»

«ጋሽ ጀቤሳስ?»

«ፍርድ ቤቱ ያጣራል።»

«በምን ያጣራል አባባ? ያለው የኔ ወረቀት ብቻ ነው።»

አቶ ወልደሚካኤል ከመቀመጫቸው ተነሡ። ደብተሩን አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ መለሱት። ቁልፉን ትንሽ በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩና ሳይቆልፉ ወጡ። እሑድን ሙሉ ሳጥኑ ሳይቆለፍ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል የሺሐረግ ፖሊስ ጣቢያ ነበረች። ዳሲቱና እናቷ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአጠገባቸው አለፈች። ገብታ መቶ አለቃው ፊት ቆመችና የመጀመሪያው ስሌቷ ስህተት እንደሆነ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ ሳትቸኩል ተናገረች። ደብተሩን አስረከበች።

መቶ አለቃው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። የጣት አሻራዎቹን አዩ።

«ጥሩ» አሉ ብዕራቸውን አንስተው። «ግን ይኼን ማን ጻፈው? ጸሐፊው ካልታወቀ ዳኛው አይቀበለውም።»

አላውቅም ብላ መውጣት ትችል ነበር፤ ሰውየው ልጅ ናት ብለው ያልፏታል።

«የመጋዘኑ ጸሐፊ ናቸው፤ አቶ ወልደሚካኤል» አለች።

መቶ አለቃው ስሙን ጻፉ። «ታውቂያቸዋለሽ?»

«አባቴ ናቸው።»