ሁለት ጊዜ የተመዘገቡት ሾፌር

አባባ ፍሬን መርፌ ከተወጉበት አልጋ ላይ ሳይወርዱ ሞቱ። አንድ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀርቷል፤ የግራ ጫማቸው ወለሉ ላይ ወድቋል። ዕድሜያቸውን የክሊኒኩን አምቡላንስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ድመት ባዩ ቁጥር ፍሬን ስለሚይዙ ነው። በሽተኛው ከበሽታው ይልቅ በፍሬናቸው ነው የሚሠቃየው እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ሰው ሳይገጩ መሪውን ለተተኪያቸው አስረከቡ።

መርማሪዋ ስትደርስ አለቃዋ በስልክ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ሰውየው ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። ፋይላቸው ላይ በቀይ ተጽፏል። መዝጋቢዋ ግን ሳታጣራ ትናንት ሁለተኛ ፋይል ከፈተችላቸው። አዲሱ ፋይል ላይ ማስጠንቀቂያው የለም። ሐኪሙ እሱን አይቶ አዘዘ፣ ነርሷ ወጋች። ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ይዘሽልኝ ነይ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለች መርማሪዋ።

«ምን አልሽ?»

«እሺ ነው ያልኩት።»

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚላት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ስሙንም አትጠላውም። የተነገራትን ሁሉ ትቀበልና ቀስ ብላ ትነፋዋለች፤ የማያልፈው ምን እንደሆነ ለማየት።

መዝጋቢዋ በተጠባባቂዎች ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሸሚዟ ደረት በወተት ርሷል። ከመስታወቱ በር ውጭ የልጅቷ እናት የምታለቅስ ሕፃኗን ታቅፈው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ በሩን የያዘው ፖሊስ አላስገባም ብሏቸዋል።

«ሕፃኗን አስገባላት» አለችው መርማሪዋ። «እሷን ደግሞ ልትከሳት ነው?»

ልጅቷ ሕፃኗን ጡቷ ላይ እስክታመቻች ጠበቀቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁለተኛውን ፋይል የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«አላስታውስም እትዬ። ኮምፒውተሩ ግን የሚያሳየው የኔን ስም ነው። ኮምፒውተር ይዋሻል እንዴ?»

«አይዋሽም። የነገሩትን ይደግማል እንጂ። ፋይሉ የተከፈተው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የት ነበርሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ቤት። ላጠባት እሄዳለሁ፤ ቤታችን እዚሁ ከጥጉ ነው። ኮምፒውተሩን ክፍት ትቼው ነው የምሄደው። ሁሉም ሰው ያውቃል። አባባን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ አይደል?»

መርማሪዋ ልታጽናናት አልፈለገችም፤ ገና ነበር። «ዛሬ ሲመጡ ምን አሉሽ?»

«እንደ ወትሮው ቀለዱብኝ። ለእግራቸው ቁስል ነው የመጡት፤ ዶክተሩ ትናንት ጠዋት አይተዋቸው ነገ ይምጡ ብለዋቸው ነበር። የስልክ ቁጥራቸውን አስገብቼ ፋይሉን ወደ ውስጥ ላክሁት። የሕክምናው ገጽ ለኔ አይከፈትም፣ ማስጠንቀቂያ ይኑረው አይኑረው አላይም። ሐሙስ ቃሌን ልሰጥ ነው ብለውኝ ነበር።»

«የምን ቃል?»

«በወሊድ የሞተችው ሴት ነገር። ኮሚቴ እያጣራ ነው። ያን ቀን አባባ ነበሩ የሚነዱት። በማን ላይ ሊናገሩ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

ነርሷ በመርፌ ክፍሉ ጥግ ቆማ ነበር፤ ሥራ ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም። መርማሪዋን ስታይ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ከመውጋቴ በፊት ጠይቄያቸዋለሁ! የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ አልኳቸው። ‹ፋይሉ ላይ አለ ልጄ› አሉኝ። አየሁ፤ ምንም የለም። ‹የለም ይላል› ስላቸው ‹እንግዲያው ዶክተሩ ያውቃል› ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።»

መርማሪዋም ልቧ ተነካ። እኚያ ሽማግሌ ፋይሉን ያመኑት የሠሩበት ቤት ስለሆነ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤተሰብሽ የሚታከመው የት ነው?»

ነርሷ ግራ ተጋባች። «እዚሁ። ለሠራተኛ ቤተሰብ ነፃ ነው። እናቴም እህቶቼም ፋይል አላቸው።»

የኮምፒውተር ባለሙያውን «ኬብል» ይሉታል፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ነገር ቶሎ ስለሚጠላለፍበትም ነው። የመዝጋቢዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ አገኘችው።

«ይሄ ፕሮግራም አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘግባል?»

«በፍጹም!» አለ በኩራት። ወዲያው የተናገረው ወደ ራሱ እንደሚዞር ገባውና «ማለቴ፣ መመዝገብ አልነበረበትም» አለ።

«እስቲ እኔን መዝግበኝ።»

መዘገባት። «ድገመኝ» አለችው። ደገማት፤ ቀይ ሳጥን ብቅ አለ፦ ይህ ስልክ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል።

«ስሜን ብትለውጠውስ?»

«ያው ነው። ስም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ በስም አናምንም። አንድ ስልክ፣ አንድ ፋይል። ድሮ ያስጠነቅቅ ነበር እንጂ አይከለክልም ነበር፤ ሰዉ ሳያነብ ‹እሺ› እየተጫነ ሲያልፍ አንዱ በሽተኛ ሦስት ቦታ ተገኘ። እኔ ነኝ ጭራሽ እንዳይቀበል ያደረግሁት። ሠራተኞቹንም ሁሉ ለሙከራ ያኔ አስገብቻቸዋለሁ፤ አዲስ የሚቀጠረውንም እጨምራለሁ።»

«ታዲያ አባባ ፍሬን በየት ገቡ?»

አሮጌውን ፋይል ከፈተ። ቀዩ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ስልኩ ግን ሌላ ነው። «ቁጥር ለውጠው ይሆናላ» አለ።

«ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ቁጥሩ አዲሱ ፋይል ላይ ያለው ነው፤ ባለቤታቸውም ሌላ ኖሯቸው አያውቅም ብለውኛል። የድሮውን ቁጥር የለወጠው ሌላ ሰው ነው። ለመለወጥ ምን ያስፈልጋል?»

«አዲስ የሚገባው ስልክ ላይ ኮድ ይላካል። ኮዱ ካልተጻፈ አይቀበልም፤ የውሸት ቁጥር እንዳይገባ ብዬ ነው። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ግን ሰውየው ፊት ለፊት ስለሚቆም ኮድ የለም።»

«ቀዩን ማስጠንቀቂያ ብቻ ቢያጠፋው አይቀለውም ነበር?»

«አንዴ ከገባ አይጠፋም። እኔም አላጠፋውም።»

«ፋይልስ?»

«ፋይል የምሰርዘው እኔ ብቻ ነኝ።» እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። «ቁጥሩ ላይ ልደውል?»

«ተው! ስልክ የሚያስደነግጠው አንዴ ብቻ ነው።» ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈችው። «ቤተሰብህ የት ነው የሚታከመው?»

«የምን ቤተሰብ? የኔ ዘመድ ይሄ ነው» ብሎ ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገው።

ዶክተሩ ክፍሉ ውስጥ በትዕግሥት ጠበቃት። ክሊኒኩን ያቋቋመው እሱ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጠረጴዛው ንጹሕ ነው።

«በጣም አዝኛለሁ» አላት። «እኔ ግን የምሠራው በፋይል ነው። በቀን ስንት ሰው ነው የማየው! የማንን ላስታውስ?»

«ይህን ያህል ዘመን አምቡላንስዎን የነዱልዎትንም?»

«የነዱልኝን አስታውሳለሁ። የማይስማማቸውን ግን የሚያስታውስልኝ ፋይሉ ነው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ግዴለሽ ናት እንጂ። ብዙ እንዳትጎዳ እጽፍላታለሁ።»

«የርስዎ ቤተሰብ የሚታከመው የት ነው?»

ፈገግ አለ። «አንድ ልጅ አለችኝ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እቤት ራሴ ነኝ የማያት። ልጄ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ወረፋ ይዛ አታውቅም።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ለሟች ባለቤት አንድ ስልክ ደወለችና ሁሉንም ወደ ተጠባባቂዎች ክፍል ጠራቻቸው። መዝጋቢዋ የተኛችውን ሕፃን ለእናቷ ልትመልስ ብድግ ስትል «ከአንቺ ጋር ትቆይ» አለቻት። ኬብል ኮምፒውተሩ ጋ፣ ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ ቆሙ።

«ሁላችሁም መዝጋቢዋ ተሳሳተች ብላችኋል» ብላ ጀመረች። «ልትሳሳት ግን አትችልም። ሰው ተዘናግቶ አንድን ሰው ሁለቴ ሊያስገባ ቢል ኮምፒውተሩ አልቀበልም ይላል። ስሕተት እዚህ ቤት በር ላይ ይቆማል፤ በመስኮት የሚገባው ተንኮል ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ የአሮጌውን ፋይል ስልክ ለወጠ። የአባባ ቁጥር ነፃ ሲሆንለት በዚያው ቁጥር አዲስ ፋይል ከፈተ። ዛሬ ቁጥራቸው ሲገባ የወጣው አዲሱ ነው፤ ቀዩ ጽሑፍ ያለበት ተደብቆ ቀረ።»

መዝጋቢዋ ቀና አለች።

«ማነው? ኬብል አይደለም። በሩን የሠራ ሰው በመስኮት ምን ያንጠላጥለዋል? ደግሞም እሱ ቢሆን ሽማግሌው እንደሞቱ ሁለተኛውን ፋይል ሰርዞ፣ ቁጥሩን ወደ ቦታው መልሶ ዱካውን ባጠፋ ነበር። ገዳዩ ግን ቁጥሩን መመለስ አልቻለም፤ ቁጥሩ አሁን የአዲሱ ፋይል ሆኗልና ያው ቀይ ሳጥን ከለከለው።»

ኬብል እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

«ነርሷም አይደለችም። ሽማግሌውን ከዛሬ በፊት አታውቃቸውም፤ ፔኒሲሊን እንደሚታዘዝላቸውም አታውቅም። ያንን የሚያውቀው ለዛሬ የቀጠራቸው ነው።»

«ይሄ ስድብ ነው!» አለ ዶክተሩ።

«አልጨረስኩም። ቁጥር ለመለወጥ ኮድ የሚቀበል፣ የሚሠራ ስልክ ያስፈልጋል። የራሱን እንዳያስገባ የሠራተኛው ሁሉ ስልክ ተመዝግቧል። የቤተሰብ እንዳያስገባ የሠራተኛው ቤተሰብ እዚሁ ነው የሚታከመው። ምሳ ሰዓት አጭር ነው፤ መዝጋቢዋ ልትመለስ ነው። እና ማን ነው ከዚህ ቤት ሰው መካከል ፋይል የሌለው ዘመድ ያለው?»

መርማሪዋ የመዝጋቢዋን የጠረጴዛ ስልክ ሳበች፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ መዳፏ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። ዶክተሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። ስልኩ ተነሣ።

«አቤት አባዬ!» አለች አንዲት ለጋ ልጅ ሳቅ እያለች። «ዛሬም ኮድ ይመጣል፣ አንብቢልኝ ልትለኝ ነው?»

ኬብል ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይቅርታ ልጄ፣ አባትሽ ቆይተው ይደውሉልሻል» አለች መርማሪዋ፤ ስልኩንም በቀስታ ዘጋችው። በሥራ ዘመኗ እንዲህ የከበዳት ስልክ አልነበረም። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቱንም ተወችው።

«በወሊድ የሞተችው ሴት ስታምጥ ሠራተኞቹ አንተ ከመጠጥ ቤት እስክትመጣ ነው የጠበቁህ። ያመጡህ አባባ ፍሬን ናቸው፤ ለባለቤታቸው ነግረዋል። ሐሙስ ለኮሚቴው ሊናገሩ ነበር።»

ዶክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ለስላሳው ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ተው ብዬ ለምኛቸው ነበር። ‹ሟቿም ልጅ ነበራት› አሉኝ።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ልጄ ምንም አታውቅም። እባካችሁ፣ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም።»

መዝጋቢዋ ተነሣች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ ዶክተሩ ፊት ቆመች።

«የኔም ልጅ እናት አላት፣ ዶክተር» አለችው።

ሕፃኗን ይዛ ስትወጣ በሩን የከፈተችላት መርማሪዋ ራሷ ናት።