ክብሪት የጫረው ሾፌር

ኢስማዒል የተማሪዎች ሚኒባስ ይነዳል። ወሬው ግን ከመኪናው ይፈጥናል። ወደ ዋሂል በሚወስደው መንገድ ላይ የሞተች ግመል አፏ ውስጥ ተንፍሶ እንዳስነሳት፣ ግመሊቱም አመስግናው እንደሄደች፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ያልሰማ የለም።

ትምህርት ቤቱ «ከወሩ ማብቂያ በኋላ የመጀመሪያ እርዳታ ያልሠለጠነ ሾፌር ልጅ አይጭንም» ሲል ኢስማዒል ሳቀ። ሳቁ የቆመው አሠልጣኟን ነርስ፣ ፋርሂያን፣ ሲያይ ነው። ስታይ ረጋ ብላ ነው፤ የታየው ሰው መሪ ይጠፋዋል።

ስለሚጥል በሽታ ልታስተምር ስትል ኢስማዒል መሬት ላይ ተዘርሮ ተንፈራገጠ። ፋርሂያ ነጠላ ጫማዋ እስኪወልቅ ሮጠች። ራሱን በሁለት እጇ ስትደግፈው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ሲስተር፣ እጅሽ ሲለሰልስ!»

ሾፌሮቹ ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። ፋርሂያ ተነስታ በሩን አሳየችው።

«ውጣ!»

«አቦ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

«ውጣ አልኩህ።»

ወጣ፤ የዚያን ቀን ትምህርትም አመለጠው።

በማግስቱ ተማሪዎቹን ከትምህርት ቤቱ ግቢ እየጫነ ሳለ ትንሿ ሳብሪን ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ኢስማዒል ሰፈሩ የሚያደርገውን አደረገ፤ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ።

«ጣለው!» ፋርሂያ ከሥልጠናው ክፍል ሮጣ ደረሰች። ልጅቷን በጎኗ አስተኛች፣ ሻርፗን ከልጅቷ ራስ ሥር አደረገች። «አትያዛት፤ ራሱ ይለቃታል።»

ለቀቃት። ከአፍንጫዋ በታች ግን ቆዳዋ ቀልቷል፤ ተቃጥላለች።

እናትየው እየሮጠች መጣች። «ማነው ያቃጠላት?»

ለግመል እንኳን ታሪክ የሚፈጥረው ኢስማዒል አሁን ታሪክ አልፈጠረም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሥልጠናው ላይ ስቀልድ ተባረርኩ። አላወቅሁም።»

እናትየው እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። «እኔም ቤት እንዲሁ ነው የማደርገው» አለች በቀስታ።

«ነገ ሁለታችሁም ኑ» አለች ፋርሂያ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ኢስማዒል እግሩ ሥር ያለውን አፈር እያየ ቀረ። ፋርሂያ አጠገቡ ቆመች።

«ትናንት ለምን እንደጮህኩ ታውቃለህ? ታናሽ ወንድሜን ይጥለዋል። ሾፌሮቹ ፈርተው አይጭኑትም፤ ቤት ከዋለ ቆየ።»

ምድር ብትከፈት ይገባባት ነበር። «ወላሂ ፋርሂያ፣ እኔ...»

«አትማል። ተማርና አንተ አድርሰው።»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ ታምኚኛለሽ?»

«ገና ነው» አለች። እሷም አቀረቀረች። «እስካምንህ ድረስ አብሬው እሳፈራለሁ፤ ጋቢና፣ ካንተ አጠገብ።»