ቋት ውስጥ ያልነበረ ባሩድ

ቨርጂል ስቴንስሩድ ሞቶም ጠረጴዛውን አልለቀቀም። ቅዳሜ ነው፤ ተኩስ ሜዳው ላይ፣ ጠመንጃ በሚያስደግፍበት የአሸዋ ትራስ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ጠመንጃው ከጎሮሮው ተሰንጥቆ፣ እንደ ተላጠ ሙዝ ተበታትኖ አጠገቡ ወድቋል። ኮፍያውን ነፋስ ወስዶ አጥር ላይ ሰቅሎታል። የስታግ ክሪክ ነፋስ እንኳን ለኗሪ ለሟችም አያዝን።

መርማሪ ማርሊስ ኬትል ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ዘጋችው፤ ነፋሱ መልሶ ከፈተው። ዘጋችው፤ ከፈተው። «እንግዲህ እንተያያለን!» ብላ በዳሌዋ ደረገመችው። ሞንታና ውስጥ ተወልዳ፣ ሞንታና ውስጥ ከነፋስ ጋር ስትጣላ ያረጀች ሴት ናት። ጉንጯ ውስጥ የተቆላ ሱፍ አይጠፋም። ቅርፊቱን ትፍ፣ ጥያቄዋንም ትፍ ነው።

የሟቹ ልጅ ሬኔ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብላ መዳፎቿን ገልብጣ ታያለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ሌላ ጊዜ ድምጿ ከመለከት ይበልጣል። አሁን ግን፦

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ የኔ ልጅ» አላት ኦሪን ትቬት። የቨርጂል የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው፤ አዳኞችን እየመራ ተራራ ለተራራ ሲዞር የኖረ ሽማግሌ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። «እጥፍ ባሩድ ነው የገባው። አደጋ ነው። ማንም ላይ ይደርሳል።»

ማርሊስ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ዝም አይነቅዝም። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው የጥይት ሳጥን የጎደለው ጥቂት ነው። ክዳኑን ገጥማ በብብቷ ይዛው ሄደች።

* * *

ቨርጂል ጥይት የሚሞላው ከጎተራው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ጥይት መሙያ ማሽኑ ወፍራም ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሮ ቆሟል። እጀታው አንዴ ሲሳብ ክቡ ሳህን አንድ ቦታ ይዞራል፤ አንዱ ያገለገለ ባዶ ቀለህ ቅርጹን ያስተካክላል፣ ሌላው ጀርባው ላይ አዲስ መለኮሻ ይጎርሳል፣ ሌላው ከላይ ካለው ቋት ባሩዱን ይቀበላል፣ ሌላው አረር ይደፋበታል። ያለቀለት ጥይት ቅርጫት ውስጥ ጠብ! ሁሉም በአንድ ስበት። ቨርጂል ከሚስቱ ሞት ወዲህ እንደዚህ ማሽን የሚያባብለው ነገር አልነበረውም ይባላል።

«እስቲ ሐሙስ ከሰዓት የሆነውን ንገሪኝ» አለች ማርሊስ።

ሬኔ ከደጃፉ አላለፈችም። «አባዬ ቋቱን ሞላልኝና ፈረሱን ሊያይ ወጣ። ባሩዱን የሚሞላው ሁልጊዜ እሱ ነው። እኔ ክንድ ነኝ፣ እሱ ጭንቅላት፤ እንደዚያ ነበር የሚለው። እየሳብኩ እያለ ስልክ ተደወለ። እዚህ ኔትወርክ የለም፣ የግቢው በር ድረስ ሮጥኩ። እጀታውን ምን ላይ እንደተውኩት አላውቅም። ስመለስ ባሩድ በተቀበለው ላይ ደግሜ ስቤ ይሆናል።»

«ይሆናል ነው ወይስ ነው?»

«ኦሪን ‹ነው› ብሏል።»

«ኦሪን እዚህ ነበር?»

«ኦሪንም አጎቴ ላይልም መጥተው ነበር። ስልክ ላይ ሆኜ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ አይቻለሁ።» የበሩን መቃን ያዘች። «ማርሊስ፣ ቀብሩ ነገ ነው። ከዘመድ ጋር ፊት አልቀመጥም። አባቷን የገደለች ልጅ በምን ዓይኗ ነው ፊት የምትቀመጠው? ማንኪያ ስይዝ እንኳ ያ እጀታ ይመስለኛል፤ ከቅዳሜ ወዲህ እህል አፌ አልገባም።»

ማርሊስ ልትዳስሳት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ማባበል አትችልበትም። ይልቅ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት የሳጥኑን ጥይቶች አንድ በአንድ ከፈታ አይታቸዋለች፤ አረሩን እየነቀለች፣ ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ እያፈሰሰች። ሁሉም ግራጫ ባሩድ ነው፤ የተከረተፈ ሽቦ የሚመስል። አንዱ ብቻ ሌላ ነበር። አረሩም ሌላ ነገር አለው፤ የጓደኞቹ ጫፍ ላይ ማሽኑ የተወው አንድ ቀጭን የቀለበት ጭረት ሲኖር፣ የሱ ጫፍ ላይ ሁለት ቀለበት ተነባብሯል።

ለሬኔ ግን አልነገረቻትም። የማን እጅ እንደሆነ ሳታውቅ ብትናገር ከተማው በሬኔ ፋንታ ሌላ ሰው ይሰቅላል፤ የስታግ ክሪክ ሰው ደግሞ ሲሰቅል ገመድ አይቆጥብም።

* * *

የቨርጂል ወንድም ላይል አጥር ሊጠግን ሽቦ ይስባል። ሁለቱ ወንድማማቾች በግጦሽ መሬቱ ሽያጭ ተኮራርፈው እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«እኔን ልትይዥኝ ነው የመጣሽው?» አለ ቀና ሳይል።

«ጥፋተኛ ከሆንክ አልቆጭም። ሐሙስ እዚያ ክፍል ምን ልታደርግ ገባህ?»

«መጋዙን ልመልስ። ብቻዬን ነበርኩ፣ አዎ። ያቺን ማሽን ግን በጣቴም አልነካኋት፣ ወንድሜ ይገለኝ ነበር። እኔ ጥይት የምገዛው እንደ ዳቦ ነው፣ ከሱቅ!» ሽቦውን ለቀቀው፤ ጅው ብሎ ተጠቀለለ። «የገደለችው እሷ ናት። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ! እንኳን ላናግራት፣ ፊቷን ማየት አልችልም።»

«ወንድምህ ሰሞኑን ደህና ነበር?»

ላይል አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «የተራራ በግ ነገር ሲያበሳጨው ነበር። አደን በተከለከለበት በኩል ሰው ባለ ጥምዝ ቀንዱን አውራ ሲያስገድል አይቷል። ‹ሰኞ ለአደን ተቆጣጣሪው ወይ እሱ ራሱ ይናገራል፣ ወይ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ቨርጂል ሐሜት አይወድም፤ ለዚህ ነው ከኦሪን ሌላ ጓደኛ ያጣው።»

«አስገደለ ነው ያልከው? ገደለ አይደለም?»

«አስገደለ ነው ያለኝ እሱ።»

ማርሊስ ሱፏን ማኘክ አቆመች።

* * *

የኦሪን ቤት ሙቅ ነው፤ እንጨት ይነዳል፣ ውሻ ያንኮራፋል። ኦሪንን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጥይት እየሞላ ነው ያገኘችው። የሱ መሙያ የድሮው ዓይነት ነው፤ አንድ ስበት፣ አንድ ሥራ።

«ግቢ ማርሊስ። ትምህርት ቤት የሒሳብ ፈተና ስትቀጂብኝ የነበርሽው ሴትዮ መርማሪ ሆንሽልኝ!»

«አንተ የቀዳኸው ከቨርጂል ነበር። ለዚህ ነው ሁላችንም የወደቅነው።»

ሳቀ። አንድ ቀለህ ላይ አረር አስቀመጠ፣ ግማሽ ድረስ ተጫነው፣ ለቀቅ አድርጎ ቀለሁን በጣቱ ግማሽ ዙር አዞረው፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ተጫነው። ሌላ አነሳ።

«ሽማግሌ እንደ አሮጊት ቀስ ይላል» አለች።

«ቀስ የሚል አይሳሳትም። ቨርጂልን ስንት ጊዜ መከርኩት! ያ ማሽን ለችኩል ሰው ነው። ልጅቷ ስልክ መጣላት፣ ዞረች፣ ደግማ ሳበች፣ እጥፍ ገባ። በቃ።» ግማሽ ተጫነ፣ አዞረ፣ ጨረሰ። «ምስኪን። አትከሷትም አይደል?»

«ዘንድሮ አደኑ እንዴት ነው ኦሪን? ጥሩ ደንበኛ መጣልህ?»

እጁ አንዴ ብቻ ቆም አለ። «ነፋሱ መች ያስወጣል» አለና ቀጠለ። ግማሽ ተጫነ፣ አዞረ፣ ጨረሰ።

ማርሊስ ተነሳች። ተረጋግታ መቀመጥ አልሆነላትም። ቨርጂል ነገ ከተቀበረ፣ ወሬው አብሮት አይቀበርም፤ ከነገ ወዲያ ታሪክ ይሆናል። ሬኔም ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ታሪክ ውስጥ ትኖራለች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለከተማው ዳኛ ደወለች። ጠዋት የፍተሻ ወረቀቱ በእጇ ነበር። ቀብሩም ቄሱን ለምና ወደ ማታ አስገፋችው።

* * *

ሦስቱን እዚያችው የቨርጂል ክፍል ሰበሰበቻቸው። ላይል በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ኦሪን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አንድ ፖሊስ ውጭ ቆሟል። ጣራው በነፋስ ይንኳኳል።

«ሬኔ፣ ነይ እጀታውን ሳቢ።»

«አልችልም።»

«ማርሊስ፣ እስኪ ተያት!» አለ ኦሪን።

«አንተ ዝም በል። ነይ የኔ እህት። አንዴ።»

ሬኔ መጣች። እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ማርሊስ ቀለሁን አውጥታ ለሁሉም አሳየች፤ ግራጫው ባሩድ እስከ አንገቱ ሞልቶታል። መልሳ እዚያው ቦታ ሰካችው።

«አሁን ስልክ መጣልሽ። ረሳሽ። ድገሚ።»

ሬኔ ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ሽርርር አለ። ባሩዱ ከቀለሁ አፍ ተርፎ ሳህኑ ላይ፣ ከሳህኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

«ዓይንሽን ግለጪ» አለች ማርሊስ። «ለዚህ ጠመንጃ የሚሆነው ባሩድ አንዱ ልክ ቀለሁን ይሞላዋል። እጥፉ አይገባም። ሐሙስ እንዲህ ፈስሶ ነበር?»

ሬኔ የጫማዋን ጫፍ አየች። «አልፈሰሰም» አለች፤ ከዚያ ጮክ ብላ፦ «ምንም አልፈሰሰም! ጠረጴዛውን የጠረግኩት እኔ ነኝ!»

ላይል ዞረ።

«እሺ፣ ምናልባት ቨርጂል ቋቱ ውስጥ የሞላው ሌላ ባሩድ ይሆን? ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ በሙሉ ይበላሽ ነበር። እኔ ሁሉንም ከፈትኳቸው። ደህና ናቸው፤ ከአንዱ በቀር።» ነጭ ወረቀት ዘረጋች። ወረቀቱ ላይ ያለው እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ ነው። «የሽጉጥ ባሩድ። ሲነድ ይቸኩላል። ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ጎሮሮውን ነው የሚበጥሰው። ቨርጂልን የገደለው ጥይት የዚህ መንትያ ነው። ይህ ደግሞ ቋት ውስጥ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ተሞልቶ፣ እዚህ መጥቶ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቀለ። ምናልባት አንዱ ቢከሽፍ ብሎ ነው ሁለት ያደረገው።»

«የሽጉጥ ባሩድ የሌለው ማን አለ?» አለ ኦሪን ረጋ ብሎ።

«ልክ ነህ። ስለዚህ ባሩዱን ተውኩትና አረሩን አየሁ።» ሁለት አረር መዳፏ ላይ አስቀምጣ ለላይል አቀረበችለት። «ጫፋቸውን እየው።»

ላይል አረሮቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋቸው። «ይሄ አንድ ቀለበት አለው። ይሄ... ሁለት።»

«አረር ሲጫኑት ቀለበት ይቀራል። ሁለት ጊዜ፣ መሃል ላይ አዙሮ የተጫነው ሁለት ይተዋል። ይሄ ማሽን ቀለሁን ከግርጌው አንቆ ስለሚይዘው ማዞር አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሬኔ አይደለችም። አንተ ላይል ከሱቅ ነው የምትገዛው። ከቀረነው ውስጥ እያወራ፣ እየሳቀ፣ ሳያስበው ግማሽ ዙር የሚያዞር አንድ ሰው ነው። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።»

ኦሪን ኮፍያውን ገለበጠው። «ግማሹ ሞንታና ያዞራል፤ ጥይት ቀጥ ይላል ብሎ።»

«ያዞራል። ግማሹ ሞንታና ግን ሐሙስ እዚህ ክፍል ብቻውን አልቆመም። ዛሬ ጠዋት ከቤትህ የወሰድነው የአረር መጫኛም ቀለበቱን ቁጭ አድርጎ አትሞታል። ቀዝቃዛ ክፍልህ ውስጥም ደንበኛህ እንዲገድለው የመራኸው ጥምዝ ቀንዱ አውራ በግ ከነቆዳው ተገኝቷል። ቨርጂል ሰኞ ሊናገርብህ ነበር፤ ፈቃድህንም ተራራህንም ልታጣ።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እኔን ግን ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። ጥይት ስትሞላ ሸብተሃል። እጥፍ እንደማይገባ ታውቃለህ። ታዲያ ለምን እጥፍ ነው አልካት?»

ኦሪን ኮፍያውን መልሶ አቀናው።

«አዳኝ ካልመራሁ ምን እሠራለሁ?» አለ። «ከተማ ገብቼ መደብር ልጠብቅ? ለመንኩት፤ እንቢ አለኝ።» ወደ ሬኔ ዞረ። «ላንቺ መጥፎ አላሰብኩም። አደጋ ነው ይባላል፣ ማንም አይከስሽም ብዬ ነው።»

ሬኔ ቅዳሜ ያለበሳትን ጃኬት ከበሩ ሚስማር አውርዳ ጭኑ ላይ ወረወረችለት። «እኔ ራሴን ከስሼ ነበር» አለች። «አንተም ፀጉሬን እየደባበስክ ታየኝ ነበር።»

ፖሊሱ ገብቶ ወሰደው። ነፋሱ በሩን እንደያዘው ቀረ።

ላይል ጓንቱን እያጣመመ ተጠጋት። «ሬኔ፣ እኔ... ያልኩትን ሁሉ...»

«አሁን አይደለም አጎቴ። ራበኝ።»

ቤት ውስጥ ጎረቤት ለሐዘን ያመጣው በአይብ የተጋገረ ድንች ትሪ በትሪ ላይ ተደርድሯል። አላሞቀችውም፣ ሳህንም አልፈለገች። ቆማ፣ በጭልፋ ከትሪው እየዛቀች በላች። ላይል እንዳትታነቅ የሰጋ ይመስል ውኃ ይዞ ጎኗ ቆመ። ማርሊስ ኮቷን እየቆለፈች ከኮሪደሩ ታያቸዋለች።

ጭልፋው አፏ ሳይደርስ ቆመ። ሬኔ ወሬውን ገና አሁን የሰማች ይመስል ዓይኗ ፈጠጠ።

«አጎቴ» አለች። «አባዬ እኮ ሞተ።»

ላይል ጭልፋውን ከእጇ ወሰደላት።

«አዎ የኔ ልጅ» አለ። «ሞተብን።»