ከጎማው ሥር የተነሣው ድንጋይ

የዝናቡ ሬሳ ከጭነት መኪናው የኋላ ጎማ ሥር ሲገኝ ቀኝ እጁ ካቻቢቴውን እንደጨበጠ ነበር። ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ አንዱ ቁልቁለት ላይ መኪናው አልነሣም ብሎት ሞተሩን ከሥር ሆኖ ሊያስነሣ የገባ ሾፌር ነው። መኪናው ጥቂት ሄዶ ሾፌሩን እንደጨፈለቀ ከአፈር ግድግዳ ጋር ተላትሞ ቆሟል። የተሰበሰበው መንገደኛ ሁሉ ፈርዶ ጨርሷል፦ ጎማውን በድንጋይ ሳያስደግፍ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሌላ ምን ሊጠብቅ ኖሯል?

ኢንስፔክተር ጸዳለ ለችኩል ፍርድ ጆሮ የላትም። ከሐይቅ ስትደርስ ያሳሰባት ግን ሬሳው ብቻ አልነበረም። የሟቹ ወንድም ቅዱስ፣ የራሱን መኪና እስኪገዛ ድረስ ለዓመታት የዝናቡ ረዳት የነበረው፣ ወፍራም ዱላ ይዞ መንገዱ ላይ ይንጎራደዳል።

«ሙአዊያን ስጡኝ!» አለ። «ወንድሜን በስልክ የገደለው እሱ ነው። ደሙን ሳልመልስ እህል አልቀምስም!»

ይህ ሰው ያለውን እንደሚያደርግ ጸዳለ ታውቃለች። ከአፏ የተሳሳተ ስም ቢወጣ ሁለተኛ ሬሳ ልታነሣ ነው።

ሙአዊያ የውጫሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በዚያ መስመር መኪናው እምቢ ያለው ሾፌር ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነበር። አሁን በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ወላሂ ጸዳለ፣ እኔ ክፉ አልመከርኩትም» አለ። «ቁልፉን ሳዞረው ጭጭ ይላል አለኝ። መብራቱስ? ብዬ ጠየቅኩት። ቦግ ብሎ ይበራል አለኝ። እንግዲያው ባትሪው ደህና ነው፣ ከቁልፉ ወደ ማስነሻ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል፤ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ከጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ እንዳትነካ፣ ከዚያ ከሥር ገብተህ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኘው አልኩት። ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ጋዝ የሚረግጥልኝ ሰው አለ ብሎ ዘጋው።»

«ማን?»

«ምነው በጠየቅኩት!»

የዝናቡ የአሁን ረዳት አሊ ጎልማሳ ነው፤ ጉንጩ ላይ የጥፊ ምልክት ይታያል።

«ትጠላው ነበር?» አለችው።

«እንዴታ! ጠዋት በሰው ፊት ነው ያጮለኝ። ግን ሲሞት እኔ ውጫሌ ነበርኩ፣ ሽቦ ግዛ ብሎ ልኮኝ።»

«ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገህ ነበር?»

«በገዛ እጄ! ዝናቡም የኋላ ማርሽ አስገብቶ ነው የወረደው። ቁልቁል ሲያቆም ልማዱ ነው።»

ጸዳለ ጋቢናው ውስጥ ገባች። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም ተለቋል።

እዚያው መታጠፊያው ላይ ሻይ የምትሸጠው ወይኒቱ፣ ለሞተ ልጇ የለበሰችውን ጥቁር ሳታወልቅ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። መኪና የተበላሸበት ሁሉ እሷ ቤት አረፍ ይላል፤ ሙአዊያም ጥገና ሲመጣ ጋቢና ላይ አስቀምጦ ቁልፍ ያስዞራታል፣ ማርሽ ያስገባታል።

«እትዬ ወይኒቱ፣ ምን አዩ?»

«ምንም ልጄ። ምንጭ ወርጄ ነበር፤ ስመለስ ሬሳ ነው የጠበቀኝ።»

ጸዳለ መንገዱን ዳር ዳሩን ፈተሸች። ከቦዩ ማዶ፣ ቁልቋል ሥር፣ የጎማ ጥቁረት ያረፈበት ድንጋይ አገኘች። አሊ ገና ሲያየው «የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሬሳው ሲነሣ ሁሉንም ከቅዱስ መኪና አጠገብ ሰበሰበችና ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደረገች። «በየተራ አንሡልኝ» አለች።

ሙአዊያ ድንጋዩን ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ገፋው። ድንጋዩ ሲመለስ አሊ አንሥቶ እዚያው ጠርዙ ላይ አኖረው።

«ቅዱስ፣ አንተም።»

«እኔ ወንድሜ ሞቶብኝ አንቺ በድንጋይ ትጫወቻለሽ?» አለና በእግሩ መታው። ድንጋዩ ተንከባሎ መሀል አስፋልት ላይ ቀረ።

ወይኒቱ እስክትጠራ አልጠበቀችም። ብድግ ብላ ድንጋዩን አቀፈችው፤ ቦዩን ተሻግራ አስቀመጠችውና እጇን አራግፋ ዞረች።

«ዝናቡ መኪናውን በኋላ ማርሽ አቆመው» አለች ጸዳለ። «ሊያስነሣው ሲል ዜሮ ያደርገዋል እንጂ አንደኛ አያስገባም። አንደኛ ያስገባችው ጋዝ እንድትረግጥለት የለመናት ሰው ናት። ሞተር ሳይነሣ ከጎማ ሥር ድንጋይ የሚያነሣ ሾፌርም የለም። ገዳይ ደግሞ ድንጋዩን የትም ጥሎት ይሄዳል። ይህች ገዳይ ግን ነፍስ እያጠፋችም ቢሆን አስፋልት ላይ ድንጋይ ትታ መሄድ አልቻለችም። እትዬ ወይኒቱ፣ ልጅዎ እንዴት ነበር የሞተው?»

ወይኒቱ አልካደችም።

«ኃይለ መስቀሌ በሞተር ብስክሌት ሲመጣ አስፋልት ላይ የተተወ ድንጋይ አንገቱን ሰበረው። ዝናቡ ቤቴ መጥቶ፣ ሻይዬን እየጠጣ፣ ‹የተውኩት እኔ ነኝ፤ ምን ይደረግ?› አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ዛሬ ‹ወይኒቱ፣ ጋዝ ርገጭልኝ› ብሎ ከሥር ሲገባ እግዜር በእጄ ጣለው አልኩ። በወዲያኛው በኩል ዞሬ ድንጋዩን አነሣሁ፤ ጋቢና ገብቼም ማርሹን አንደኛ አስገብቼ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ደስ ብሎኛል!»

ቅዱስ ዱላውን ሰነዘረ። ጸዳለ መሀል ገባች።

«መጀመሪያ መልስልኝ! ድንጋይ የሚያነሣው ረዳት ነው። ያን ጊዜ የዝናቡ ረዳት ማን ነበር?»

ቅዱስ ክንዱን አላላ። ዱላው ቀስ እያለ ወረደ።

«እኔ» አለ። «ረስቼው ነው የሄድነው። ወንድሜ ‹አንተ ገና ኑሮ አልጀመርክም፣ እኔ ነኝ እላለሁ› አለኝ።»

ወይኒቱ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ጸዳለ ሄዳ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እሰሪኝ ልጄ፣ ቶሎ በይ» አለች። «ያለ ጥፋቱ ሰው ገድዬ እንኳ ንዴቴ አልበረደም። እጄ ወደዚህ ልጅ እየሄደብኝ ነው።»

ጸዳለ ካቴናውን ቆለፈችባት።